አባዬን ላመጣ የሄድኩ ጊዜ

ቅናተኛ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን አለሳልሶ "ትንሽ ሆድ ብሶኝ ነበር" ይል ይሆናል፤ እኔ ግን ስሙን ብቀይረውም ራሴን አላታልልም። በእህቴ ቀናሁ። በታናሽ እህቴ፣ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ባሳደግኳት። ያውም ባገባችው ባል ወይም በከፈተችው ሎጅ አይደለም። አባቴን ወሰደችብኝ ብዬ ነው።

እናታችን ካረፈች በኋላ አባዬ ዘጠኝ ዓመት እኔ ጋ ኖሯል፤ ሚዛን ተፈሪ፣ ከልብስ ስፌት ሱቄ ጀርባ ባለው ቤቴ። ባል አላገባሁም። ለአባዬ ስል የተውኩት ነገር አይደለም፣ ሳይሆን ቀረ እንጂ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን "ለአባቴ ብዬ ነው" እላለሁ፤ እሱም እየሰማ ዝም ይላል። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት አባዬ አንዲት ብርጭቆ ከጠረጴዛ አላነሳም። ልብሱን ተኩሼ፣ ውሃውን አሙቄ፣ ማታ ማታ እግሩን አጥቤ ነው ያኖርኩት። አጥር ልጠግን ብሎ መዶሻ ሲይዝ እቀማዋለሁ። ጓሮ ያሉትን የቡና ዛፎች ልኮትኩት ሲል "አንተ ምን በወጣህ፣ ሰው እንቀጥራለን" እለዋለሁ። "እንዳልሽ" ይለኛል። ሰፈሩ ሁሉ እንደ እሷ ያለች ልጅ ይስጠን ይል ነበር፤ እኔም ስሰማው ደስ ይለኛል፣ ለምን እዋሻለሁ።

አባዬ ቴፒ አካባቢ አንድ የቡና እርሻ ላይ ሠላሳ ዓመት ካቦ ነበር፤ የለቃሚዎች አለቃ ማለት ነው። ድምፁ ከማሳው አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሰማ እንደነበር አብረውት የሠሩ ሰዎች ይነግሩኛል። እኔ ቤት ግን ድምፁ አይሰማም። ጠዋት ደጃፍ ላይ ወንበር አወጣለታለሁ፣ ፀሐይዋ ስትከርር አስገባለታለሁ፤ እሱም ከወንበሩ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይገባል። ያው አርጅቷል፣ ዝምታው የዕድሜ ነው ብዬ ነበር።

እህቴ ደግሞ ከቱም ወደ ታች፣ ቆላው ሜዳ ላይ፣ ከባሏ ጋር ሎጅ ከፍታ ነው የምትኖረው። ሎጅ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰባት የሣር ክዳን ጎጆ፣ አንድ የመመገቢያ ዳስ፣ ከኋላ ማድ ቤትና የቤተሰቡ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ በቃ። ባሏ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ድሮ የእንግዶች መኪና ይነዳ ነበር። ሠራተኛ የላቸውም። እሱ መኪናውን፣ እሷ ማድ ቤቱን፣ የአሥር ዓመት ልጃቸው ደግሞ ዶሮዎቿን ይዘው ሲሯሯጡ ይውላሉ።

አምና ክረምቱ ሲወጣ እህቴ ደውላ "አባዬ ሁለት ሳምንት እኔ ጋ ይምጣና አየር ይቀይር" አለችኝ። ላክሁት። ሁለት ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ አምስት ወር ሆነ። ደውዬ "መቼ ነው የምትመጣው?" ስለው "እስቲ እነዚህን እንግዶች እንሸኝና" ይለኛል። እንሸኝና! እሱ ምን ቤት ሆኖ ነው የሚሸኘው?

በዚህ ላይ ጎረቤት አለ። "አባትሽ ጠፉሳ፣ ተኮራረፋችሁ እንዴ?" ይሉኛል። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛዬ ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ ክንዷን እንደዘረጋች፣ "አሁን ትንሿ ልጃቸው ናት አሉ የምትጦራቸው" አለችኝ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ ብል ያምርልኝ ነበር፤ አልወደቀም። የቀሚሷን ጨርቅ ግን አጣምሜ ቆረጥኩት። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ተነሣሁ። አባቴን ይዤ ልመለስ፣ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም።

ከሚዛን ጀሙ፣ ከጀሙ ቱም ስንንገጫገጭ ዋልን። ቱም አደርኩና ጠዋት የእህቴ ባል በመኪናው ወሰደኝ። ጭጋግና ደን፣ ቡና ላይ ቡና ለምዶ ያደገ ዓይን ያን ሜዳ ሲያይ ግራ ይገባዋል። ሣሩ የሰው ቁመት ያህላል፣ ግራሩ እዚህ አንድ እዚያ አንድ ቆሟል፣ ከዚያ በኋላ ዓይን የሚይዝ ነገር የለም። መስኮቱን ስከፍት የእህቴ ባል "ይዝጉት እትዬ፣ ቆላ ዝንቡ በልብስ ላይ ሆኖ ነው የሚነክሰው" አለኝ። ዘጋሁት። ሙቀቱ ውስጥ ተቀምጬ ለአባዬ የምለውን ሳሰናዳ ደረስን።

አባዬ አልተቀበለኝም። እህቴ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ፣ አገላብጣ ሳመችኝ፣ አለቀሰችም። "አባዬስ?" አልኳት። "እንግዶቹን ወንዙን ሊያሳያቸው ወስዷቸው ነው፤ አሁን ይመጣል።" የሰባ አራት ዓመት ሰው በዚያ ፀሐይ እንግዳ ያዞራል። እንዲህ ነው እንግዲህ የምትጦረው፣ አልኩ በሆዴ፤ እኔ መዶሻ አላስነካው፣ እሷ በዱር ታንከራትተዋለች።

ከእሱ በፊት ድምፁ መጣ። ሣሩ ውስጥ ሆኖ ጮክ ብሎ ያወራል፣ ሰዎች ይስቃሉ። ያንን ድምፅ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ባርኔጣ አድርጎ፣ ዱላ ይዞ ብቅ አለ፤ ከኋላው ወፍ የሚቆጥሩ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎችና ከዞን ለሥራ የመጡ ሁለት ሰዎች ተከትለውታል። ከስቷል፣ ጠቁሯል። ደግሞም አምሮበታል። ማማሩ ነው ያናደደኝ።

"መጣሽ ልጄ?" ብሎ አጥብቆ አቀፈኝ። ወዲያው ወደ ሰዎቹ ዞረና "ትልቋ ልጄ ናት፤ ሚዛን የታወቀች ልብስ ሰፊ ናት" አላቸው። ከዚያ ለልጅቷ "ቁጥር ሁለትን አሳዪያት" ብሎ ወደ ማድ ቤት ገባ።

ቁጥር ሁለት የእንግዳ ጎጆ ነው። እኔ ከእህቴ ጋር መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተን እንደ ልጅነታችን እያወራን የምንተኛ መስሎኝ ነበር። እህቴ ደስ ብሏት "ምርጧን ነው ያስለቀቅኩልሽ እትዬ፣ በረንዳዋ ወደ ሜዳው ነው" አለችኝ። አንሶላው ነጭ፣ ፎጣው ታጥፎ አልጋው ላይ፣ የወባ አጎበሩ ተወጥሮ። ምን ልበላት። አመሰገንኳት።

ጠዋት ያየሁት ደግሞ የባሰ ነበር። እኛ አገር ቡና ፍሬው ብቻ አይደለም የሚጠጣው። ቅጠሉን ምጣድ ላይ አመስ አድርገን፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሚጥሚጣና ከኮረሪማ ጋር ወቅጠን፣ በጨው አፍልተን ጠዋት ጠዋት እንጠጣዋለን። እሱን ሳይጠጣ ማሳ የሚወጣ ገበሬ የለም። እኔ ለአባዬ በእናቴ እጅ አሠራር አፍልቼ ዘጠኝ ዓመት አጠጥቼዋለሁ፤ ጣፈጠም መረረም ብሎኝ አያውቅም። እና ያን ጠዋት ከጎጆዬ ስወጣ ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሙቀጫ በጉልበቱ መሐል ይዞ ቅጠል የሚወቅጠው ማን ሆኖ ተገኘ? አባዬ። እናታችን በሕይወት ሳለች የማድ ቤት ደፍ ረግጦ የማያውቀው ሰው።

ወቅጦ አፈላው። ማሰሮውን ይዞ ዳሱ ውስጥ ገባና ለእንግዶቹ በየተራ ቀዳላቸው። "አባባ፣ ይድገሙኝ" ይላሉ። "ሚጥሚጣው በዛ እንዴ?" እያለ አንድ በአንድ ይጠይቃል። እኔም ጋ መጣና ኩባያውን በሁለት እጁ አቀረበልኝ። "ጠጪ ልጄ።" ጠጣሁ። እናቴ ከምታፈላው ይበልጥ ነበር። ያን ጊዜ በሟች እናቴ ፈንታም ቀናሁ።

ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ስለዚያ ሜዳ ያወራል፤ ቆርኬው ሲወጣ፣ ጅግራው በመንጋ ሲያልፍ፣ ፀሐይዋ ሣሩን ስታቀላው። አየሁት፣ ያምራል፣ አልካድኩም። ግን ሠርቶ የኖረ ሰው ስንት ሰዓት ሣር ያያል? ሰሃን ላጥብ ብዬ ስነሣ እህቴ "ኧረ ተቀመጪ እትዬ፣ ደክሞሽ ነው የመጣሽው" ትለኛለች። ሽንኩርት ልክተፍ ስል ቢላዋውን ትቀበለኛለች። የአንሶላውን ጠርዝ ልስፋ አልኩ፣ "በእረፍትሽ ደግሞ?" ብላ ሳቀች። ቀኑ አልመሽ አለኝ፤ እጄን የማደርግበት አጣሁ።

የከፋው ምሳ ሰዓት ነው። የዚያ ቤት ደንብ እንግዳው መጀመሪያ ዳሱ ውስጥ ይበላል፤ የመጨረሻው ሰሃን ሲነሣ ቤተሰቡ ማድ ቤት ገብቶ ከአንድ ትሪ ይበላል። እኔ ከወፍ ቆጣሪዎቹ ጋር ነኝ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ የሆነ ወፍ ፎቶ በስልካቸው ያሳዩኛል፤ ጆሮዬ ግን ማድ ቤት ነው። እዚያ አራቱም ይሳሳቃሉ። አባዬ የሆነ ነገር ይላል፣ እህቴ "ተው አባዬ!" እያለች ትንፈራፈራለች። ምን ብሏት ይሆን? ለእኔ በዘጠኝ ዓመት አንድ የሚያስቅ ነገር ያልነገረኝ ለምንድን ነው?

በሦስተኛው ቀን አላስችል አለኝ። ተነሥቼ ሄድኩና ማድ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ኑ ብሉ ይሉኛል፣ ጠጋ ብዬ እቀመጣለሁ ብዬ ነው። ወሬያቸውን አቋረጡ። አራቱም፣ ልጅቷ ሳትቀር፣ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "ምን ጎደለ እትዬ?" አለች እህቴ። አባዬ ጉርሻውን እንደያዘ በጭንቀት ያየኛል፤ እንግዳ ቅር አለው ብሎ እንደሚጨነቅ ሰው። "ጨው" አልኩ። "ጨው ፈልጌ ነው።" ጨው ሰጡኝ። ይዤ ተመለስኩ።

ያን ቀን ነው ቂም የያዝኩት። በማግስቱ ሳይነጋጋ ተነሣሁ። ማድ ቤት ገባሁ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቅጠል ጆንያ አወረድኩ፣ አመስኩ፣ ወቀጥኩ፣ አፈላሁ። ሰባት ጎጆ ሙሉ ሰው አለ፣ ቆንጠር ማድረግ አላውቅም፤ እኛ ቤት ቅጠል ሲያስፈልግ ጓሮ ወጥቶ መቁረጥ ነው። ዝንጅብሉን አበዛሁ፣ በሶብላ ጨመርኩበት። ፀሐይዋ ሣሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ማሰሮው ዳሱ መሐል እየተነነ ነበር፣ ጭልፋውም እኔ እጅ።

አባዬ እጅጌውን እየሰበሰበ መጣ። ማሰሮውን አየ። እኔን አየ። "ዛሬ አንተ እረፍ አባዬ፣ እኔ አለሁ" አልኩት፣ ከልቤ በፍቅር። እጅጌውን ወደ ታች መለሰ። ቁልፉን ቆለፈ። ሄዶ ዳሱ ጥግ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከዞን የመጣው ሰውዬ "አባባ፣ አሞዎት ነው?" ሲለው "የለም፣ ልጄ መጥታ ነው" አለ። ኩባያ አቀረብኩለት፣ ተቀብሎ ጠጣ፣ ጣፈጠም መረረም አላለኝም። ከወፍ ቆጣሪዎቹ አንደኛው "የዛሬውስ ይበልጣል" አለ። ቀና ብዬ እህቴ መስማቷን አረጋገጥኩ። እንዲህ ያለች ሴት ነኝ።

ቁርስ ካለፈ በኋላ እህቴ ባዶውን ጆንያ ይዛ ጎጆዬ መጣች። "ሁሉንም ነው የጨረስሽው?"

"እና ምን ችግር አለው? ሌላ ይቆረጣል።"

"ከየት እትዬ? ዙሪያሽን እስቲ እዪው። እዚህ ምን ቡና አለ?"

እውነቷን ነው። ሣርና ግራር ነው። ቅጠሉን ከደጋው አውርደው ለቱም ገበያ ያመጡታል፤ አባዬ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ተዋውሎ በሳምንት አንድ ጆንያ ያስመጣል፤ እሱን መርጦ፣ በጥላ አድርቆ፣ ለሰባት ቀን እያካፈለ ነው የሚያዳርሰው። ገበያው ሊደርስ ደግሞ ገና አምስት ቀን ነበር። የአምስት ቀን ሥራውን በአንድ ጠዋት ቀቅዬ አጠጣሁበት።

"ሆን ብለሽ ነው?" አለችኝ።

"ሙች! ቅጠል ያልቃል ብሎ ማን ያስባል?" አልኩ። እውነቴን ነበር፤ አላሰብኩም። ግን ባዶውን ጆንያ ሳየው ከሆዴ የሆነ ነገር ደስ አለው። ያንን አልነገርኳትም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "እትዬ፣ እኔ አባዬን አልጦርኩትም። ስመጣ ስሄድ እየጠራኝ 'ምን ልያዝልሽ' ሲለኝ፣ ያዝ አልኩት። ሌላ ያደረግኩለት ነገር የለም።"

"እኔ ዘጠኝ ዓመት እግሩን አጥቤያለሁ።"

"እሱን ማን ካደ?"

"እና?"

"እናማ እሱ ምን ያድርግልሽ? ምንም አላስቀረሽለትም እኮ።"

ጮህኩባት። ድሮ ጀርባዬ ላይ እንዴት እንዳዘልኳት፣ የእኔን ትምህርት አቋርጬ የእሷን እንዳስጨረስኩ፣ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩላት። ጆንያውን አጥፋ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ አባዬ እዚያው አግዳሚ ላይ ነበር። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሜዳውን እያየ፣ ዝም ብሎ። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ አይቼዋለሁ። ዕድሜ ነው ስለው የኖርኩት ነገር ከጠዋት እስከ ከሰዓት ተመልሶ መጥቶበታል። ይህን እያየሁ፣ ልብ በሉ፣ እያየሁ ነው የጠየቅኩት።

"አባዬ፣ ነገ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ?"

ክርክር ጠብቄ ነበር። ለልመናም፣ ለእንባም ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ፊቱን ሳያዞር "እንዳልሽ ልጄ" አለ።

እህቴ ልብሱን ስታጣጥፍ አለቀሰች። ልጅቷ አያቷን በነጠላው ጫፍ ይዛ አልለቅም አለች። የእህቴ ባል "አባባ፣ የገበያው ቀን እስኪደርስ እንኳ ቢቆዩ" ብሎ ለመነው። አባዬ "ሱቋን ዘግታ ነው የመጣችው፤ እሷ እዚያ ታስፈልጋለች" አለ። ወፍ ቆጣሪዎቹ ፎቶ አብረውት ተነሡ። እኔ ሻንጣውን ይዤ መኪናው አጠገብ ቆሜያለሁ። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም የሚያየኝ ግን አልነበረም።

የእህቴ ባል ቱም ድረስ አመጣንና ወደ ጀሙ የሚሄድ መኪና ላይ አሳፈረን። መኪናው ሰው እስኪሞላ ቆመ። አጠገባችን አንዲት የጌጫ ነጋዴ ነኝ ያለች ጨዋታ የምትወድ ሴትዮ ተቀምጣለች።

"ወዴት ነዎት አባባ?" አለችው።

"ሚዛን።"

"ቤትዎ እዚያ ነው?"

"ኧ፣ የለም" አለ። በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። "የሷ ቤት ነው። እንግድነት ልሄድ ነው።"

"ስንት ቀን ይቆያሉ ታዲያ?"

"እሷ ናት የምታውቀው" አላት። ቅር ብሎት አልነበረም፤ ሰው ለጠየቀው እውነቱን እንደሚመልስ ነው የመለሰላት።

የእህቴ ባል ገና አልሄደም፤ በመስኮቱ በኩል ቆሞ እስክንነሣ እየጠበቀ ነበር። መኪናው ተነሥቶ ከተማዋን እስኪወጣ ጊዜ ነበረኝ። "ውረድ አባዬ፣ ተመለስ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሷል። አላልኩትም። ይኸው አብረን ነን፣ ስድስት ወር አለፈን፤ ዛሬም አላልኩትም።